ፔዳሉን አውልቁለት

ለመስቀል ሆሳዕና የገባሁ ዕለት አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጥግ፣ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ቀይ የልጅ ሳይክል አየሁ። የመሪዋ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ከኋላ ጎማዋ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ረዳት ጎማዎች ነበሯት፤ አንደኛው ተጣሞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

የሳይክሏን ታሪክ ማታ ቡና ላይ ሰማሁ። ገንዘቡን የላከው ደቡብ አፍሪካ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ነው። «ለልጄ ሳይክል ግዙለት፤ ሲነዳ ቀርጻችሁ ላኩልኝ» ብሎ ነበር። ሳይክሏ ተገዛች፤ ቪዲዮው ግን አልተላከም። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው አገጩ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ሳይክሏ ስትነሳ ካየ አያቱ ቀሚስ ሥር ይገባል። አባትየው በደወለ ቁጥር «እንዴት ሆነ?» ይላል። እነርሱም «እየለመደ ነው» ይሉታል።

አክስቴ ውሸቱ ከብዷቸዋል። «እኔ ጉልበቴን ያመኛል። መቀመጫዋን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ልሩጥለት ወይ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ የምናውቀው የሳይክል ማስተማሪያ ዘዴ አንድ ብርቱ ሰው ይፈልጋል። መቀመጫውን ከኋላ ይዞ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ «ንዳው! ንዳው!» እያለ የሚሮጥ አባት ወይም አጎት። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ብዙ ቤት ግን ያ ሰው የለም። አባት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እናት አንዳንዴ አብራው፣ አንዳንዴ አረብ አገር ናት። ልጁን የሚያሳድጉት አያቶች ናቸው። ሳይክሉ በመስቀል ሰሞን፣ ለሀዲያው ያሆዴ ወይም ለከምባታው መሳላ፣ ከልብስና ከጫማ ጋር ይመጣል። የሚያስተምረው ሰው ግን አብሮ አይመጣም።

ለአክስቴ የነገርኳቸው፣ እዚህም የምጽፈው ያኔ ያደረግነውን ነው። ፔዳሉን አወለቅነው።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። ፔዳል የሌለው ሳይክል ምን ሳይክል ነው? ግን የሳይክል ዘር ማንዘር የጀመረው ያለ ፔዳል ነው። ካርል ፎን ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ በ1817 (እ.ኤ.አ.) ማንሃይም ከተማ ላይ የነዳት የእንጨት ተሽከርካሪ ሁለት ጎማ፣ መቀመጫና መሪ ብቻ ነበራት። ሰውየው ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሮጥ ነበር፤ ፍጥነት ሲያገኝ እግሩን አንሥቶ ይንሳፈፋል። በዚያ ዓመት ሰኔ ውስጥ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የደርሶ መልስ መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሷል። ፔዳል የመጣው ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ፈረንሳይ አገር ነው። የሰው ልጅ መጀመሪያ ሚዛኑን ተማረ፤ መርገጡ በኋላ ደረሰ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀርመኖች ይህንኑ አሮጌ ሐሳብ አሳንሰው ለሕፃናት ሠሩት። ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ፔዳል በሌለው ሳይክል እግሩን እየገፋ መሄዱ የተለመደ ነው። እኛም ብንሆን ለነገሩ ባዕድ አይደለንም። ከጣውላና ከአሮጌ ኩሽኔታ የሠራናትን፣ አንድ እግር ላይዋ አድርገን በሌላው መሬቱን እየገፋን ቁልቁል የምንወርድባትን ያስታወሰ ሰው ይገባዋል። ኩሽኔታዋ አስፋልት ላይ ስታንባርቅ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር። እኔ ሳይክል የለመድኩት በኪራይ ነው፤ ደቂቃ እየተቆጠረብኝ፣ የትልቅ ሰው ሳይክል ብረት ሥር እግሬን አሾልኬ። ቦይ ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት። ሆኖም ከሰፈሬ ልጆች ቶሎ የለመድነው እነዚያ የኩሽኔታዋ ጌቶች ነበርን። ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሳይክል ሲሄድ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነጂው ስለረገጠ አይደለም። ወደ ቀኝ ሲያዘነብል መሪው በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ጎማዎቹ ተመልሰው ከሰውነቱ ሥር ይገባሉ። ወደ ግራ ሲያዘነብልም እንዲሁ። ነጂው ይህን በየሰከንዱ ያደርገዋል፤ እያደረገው መሆኑን ግን አያውቅም። ከባዱ ትምህርት ይህ ነው። መርገጥማ ማንኛውም ልጅ በሦስት ጎማ ሳይክልም ይለምደዋል።

ረዳት ጎማ የሚያስተምረው ደግሞ ቀላሉን ብቻ ነው። ከባዱን ይደብቃል። ሳይክሉ ስለማያዘነብል ልጁ ማዘንበልን አያውቅም። እንዲያውም መታጠፊያ ላይ ሰውነቱ ወደ ውጭ ሲገፋ በአንደኛው ረዳት ጎማ ላይ መደገፍን ይለምዳል፤ ይህ ኋላ መርሳት ያለበት ልማድ ነው። ረዳቱ በወለቀ ቀን ልጁ ከዜሮ ይጀምራል፤ በዚያ ላይ እግሩ ፔዳል ላይ ስለሆነ ሲወድቅ መሬት አይደርስለትም።

በእኛ መንገድ ሌላም ችግር አለበት። ኮብልስቶን ላይ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ሁለቱ ረዳት ጎማዎች ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ዋናው የኋላ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ልጁ ቢረግጥ ባዶውን ይዞራል። ሳይክሉ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚቆም ዓይነት ከሆነማ ፍሬኑም አይይዝም። የአክስቴ የልጅ ልጅ ሁለተኛ አወዳደቅ ሲተረክልኝ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ገባኝ።

የፖርቱጋል ተመራማሪዎች በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ብዙ ሰዎችን «በስንት ዓመታችሁ፣ በምን ለመዳችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ፔዳል በሌለው ሳይክል የጀመሩት ራሳቸውን ችለው የነዱት በአማካይ 4 ዓመት አልፏቸው ነው። በረዳት ጎማ የጀመሩት 6 ዓመት ገደማ፣ በቀጥታ በሳይክል የጀመሩት ደግሞ ከ7 ዓመት በላይ ሆነው። መልሱ ከሰዎች ትዝታ የተሰበሰበ ስለሆነ እንደ ሚዛን ኪሎ አልወስደውም። ደግሞ ልጅ በአራት ዓመቱ ነዳ በስድስት፣ የሚያጣላ አይደለም። ለእኔ ዋናው በመካከሉ ያለው ፍርሃት ነው። የፈራ ልጅ ሳይክሉን ብቻ ሳይሆን «ና፣ ይዤሃለሁ» ያለውን ሰውም አያምንም።

በማግሥቱ ጠዋት ሳይክሏን ይዘን ወደ ሠፈሩ ጎሚስታ ሄድን። ልጁ አልመጣም፤ አሻፈረኝ አለ። ረዳት ጎማዎቹ በቀላሉ ወለቁ። ፔዳሎቹ ላይ ግን ተቸገርን። ሠሪው ቀኙን ፈታ፤ ወደ ግራው ሲሄድ በዚያው አቅጣጫ ቢል ቢል እምቢ አለው። ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ሊያስገድደው ሲል ነው ያስቆምኩት። የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ላለመሳሳት ቀላሉ ዘዴ ቁልፉን ፔዳሉ ላይ ሽቅብ አቁሞ ጫፉን ወደ ሳይክሉ የኋላ ጎማ መሳብ ነው። በቀኝም በግራም ይሠራል። አብዛኛው ፔዳል 15 ቁጥር ቁልፍ ይይዘዋል። ያወለቃችኋቸውን ፔዳሎች ግራና ቀኝ መሆናቸውን ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ጥርሱን ይበሉታል። የእኛዎቹ የአክስቴ የቡና ጣሳ ውስጥ ገቡ።

ፔዳሉ የሚገጠምባቸው ሁለቱ የብረት ክንዶች ይቀራሉ። ሠሪው ሊያወጣቸው ይችላል፤ እኛ ግን የልጁን ቁርጭምጭሚት እንዳይመቱ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልለን ተውናቸው። ሳይክሏ የእጅ ፍሬን አላት። የእናንተው በእግር የሚቆም ዓይነት ከሆነ ፔዳሉ ሲወልቅ ፍሬኑም አብሮ እንደሚሄድ አትርሱ፤ ሜዳው ለጥ ያለ ይሁን።

ከዚያ የመቀመጫው ከፍታ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጁ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ፣ ጣታቸው ብቻ ሳይሆን መላ ውስጥ እግራቸው፣ መሬት መንካት አለበት፤ ጉልበቱም ጥቂት መታጠፍ አለበት። ለመለካት ልጁን ጫማውን አድርጎ ግድግዳ አስደግፉት፤ አንድ ደብተር በእግሮቹ መካከል እስከ ላይ ድረስ ያዙለትና ከመሬት እስከ ደብተሩ ጫፍ ለኩ። መቀመጫው ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ፔዳል የነበረው ሳይክል ተፈጥሮው ከፍ ያለ ስለሆነ ባለ 12 ኢንች ጎማው እንኳ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ለተጠጋ ልጅ ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ ገና ሲሠራ ያለ ፔዳል የተሠራው ይሻላል፤ ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክ?» ሲል እሱን መጠየቅ ይቻላል። ክብደቱን ግን ጠይቁ፤ ልጅ ራሱ ሊያነሣው የማይችለው ሳይክል አይጠቅምም።

አክስቴ ፔዳል የሌላትን ሳይክል ሲያዩ በመጀመሪያ ያሉት «አባቱ ሲያይ ሸጣችሁት ይለኛል» ነው።

ልጁን አላባበልነውም። ሳይክሏን ግቢው መሐል አስተኛናትና ዝም አልን። ከሰዓት በኋላ የሌላዋ የልጅ ልጅ፣ የአክስቴ ሴት ልጅ ልጅ፣ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ መጥታ ልትነካት ስትል ነው «የኔ ናት!» ብሎ የደረሰው። ቀናተኝነት ከምክር በልጦ አስተማረ። የመጀመሪያውን ቀን አልተቀመጠባትም፤ መሪዋን ይዞ እንደ አህያ ሲጎትታት ዋለ። ይህም ትምህርት ነው፤ መሪው ሲዞር ምን እንደሚሆን እጁ አወቀ። በሦስተኛው ቀን ተቀምጦ መራመድ ጀመረ።

ቦታ መምረጥ ፈተና ነበር። ሆሳዕና ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ ደጃችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ለትንሽ ጎማ ኮብልስቶን እንደ ማረሻ ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ጭቃው ገና አልደረቀም። ያገኘነው አጠገባችን ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው፤ ሣሩ አጭር፣ መሬቱ ጠንካራ። በአንድ ወገን ልብ ብለው ካላዩት የማይታወቅ ዝቅታ አለው። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ነው። አሥር ሜትር ይበቃል፤ ከታች ደግሞ አጥርም ገደልም መንገድም ሳይሆን ለጥ ያለ ሜዳ ይሁን።

አክስቴ ዱካቸውን ይዘው መጡ። ዱካውን ያስቀመጥነው ከሜዳው ታች ጫፍ ነው፤ ቡና እየለቀሙ ይቀመጣሉ። የእርሳቸው ሥራ መቀመጥና መታየት ነበር። ሳይክል የሚለምድ ልጅ ጎማውን ካየ ይወድቃል፤ ሩቅ ካየ ይቆማል። «ጎማህን አትይ» ማለት ደግሞ ለአምስት ዓመት ልጅ ምንም አይደለም። «ወደ አያትህ ሂድ» ሲባል ግን ቀና ይላል። እኔም ሳይክሏን አልያዝኳትም፤ መሪውንም መቀመጫውንም። የያዘው ሰው ሚዛኑን ለራሱ ይወስድበታል። አጠገቡ መራመድ ብቻ ነበር የእኔ ድርሻ፤ እሱንም ከሁለት ቀን በኋላ ተውኩት።

በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ልጁ «ድገም፣ ድገም» እያለ እያለ ማቆም ይሻላል፤ ነገ ራሱ ይጠይቃል። በስድስተኛው ቀን ከመራመድ ወደ መሮጥ አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ዝቅታው ላይ ሁለቱንም እግሮቹን አነሣ። አክስቴ ከዱካቸው ሆነው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ቆጠሩለት፤ አራት ላይ እግሩን አወረደ። አልወደቀም። ቪዲዮው ያን ዕለት ማታ ጆሃንስበርግ ደረሰ። አባትየው ወዲያው ደወለ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ አክስቴ እንደፈሩት፣ «ፔዳሉ የታለ?» ነው። አክስቴ ሳቁ፤ ከዚያ የአገጩንም ነገር፣ የፍርሃቱንም ነገር አንድ በአንድ ነገሩት። እስከዚያ ቀን አልነገሩትም ነበር።

አሁን ስለ ደኅንነት። ሆሳዕናም ዱራሜም ባጃጅ የከተማው እግር ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ከየትኛውም መጋጠሚያ ብቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን ከሚገድሉ ነገሮች የመንገድ አደጋን በአንደኛነት ያስቀምጠዋል። ትንሽ ልጅ የሚመጣ ተሽከርካሪ ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት አይችልም፤ ሳይክል ስለቻለ መንገድ ቻለ ማለት አይደለም። እንዲያውም ይህ ዘዴ አንድ አደጋ ይዞ ይመጣል። ልጁ ቶሎ ይፈጥናል፤ ማቆሚያው ደግሞ እግሩ ነው። እግር ሜዳ ላይ ያቆማል፤ የሆሳዕና ቁልቁለት ላይ አያቆምም። ስለዚህ እኛ ቤት የወጣው ሕግ አንድ ነው፤ ሳይክሏ ያለ ትልቅ ሰው ከግቢው በር አትወጣም። ሲጨርስ እሱ ራሱ አስገብቶ በሩን ይዘጋል።

አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል አንዳንድ እሑድ የተመረጡ ጎዳናዎችን ለተሽከርካሪ ስትዘጋ ልጆች ሳይክላቸውን ይዘው የሚወጡበት ደስታ ያየ ያውቀዋል። አንድ ሰፈር ተስማምቶ አንዲት አጭር መንገድ እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ለልጆቹ ቢለቅ ብዙ ወጪ የለውም፤ ባጃጅ ነጂዎቹም የእነዚያው ልጆች አጎቶች ናቸው።

ሄልሜት ሆሳዕና ሱቅ ፈልጌ ለልጅ የሚሆን አላገኘሁም፤ የሞተር ሳይክሉ ለልጅ አንገት ይከብዳል። ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ይሻላል፤ ከአሻንጉሊት ይቀላል። ሲጠለቅ ከቅንድቡ በላይ የሁለት ጣት ስፋት ብቻ መቅረት አለበት፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ግንባርን ካጋለጠ ጌጥ ነው። ጫማም ጣት የሚሸፍን ይሁን፤ ፍሬኑ እግር በሆነበት ሳይክል በነጠላ ጫማ መንዳት ጣትን ማስላጥ ነው።

አንድ ቀን ሜዳው ላይ ትንሿ ልጅ ተራዋን አግኝታ ስትገፋ፣ የሚያልፉ አንዲት ጎረቤት ቆሙና ለአክስቴ በቀስታ አንድ ነገር ነገሯቸው። ምን እንዳሉ ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ከወጣች ክብሯን ታጣለች የሚለው ወሬ ብዙ እህቶቻችንን ከሳይክል አውርዷል። ወሬው የሕክምና መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ድንግልና በምርመራ የሚታወቅ ነገር አለመሆኑን ገልጾ ምርመራው እንዲቀር ጠይቋል። አክስቴ ይህን ሁሉ አላሉም። «እኔ በልጅነቴ ከብት ጠብቄ፣ ዛፍ ወጥቼ፣ በፈረስ ሄጃለሁ፤ ስድስት ወልጃለሁ» አሉና ቡናቸውን መልቀም ቀጠሉ። ጎረቤቲቱም ስቀው ሄዱ።

ፔዳሉ መቼ ይመለስ? ልጁ እግሩን አንሥቶ እስከ አሥር ሲቆጠርለት መንሳፈፍ፣ እየተንሳፈፈም በሰፊው መታጠፍ ሲችል። ለአንዱ ሦስት ሳምንት፣ ለሌላው ስድስት ወር ይፈጃል፤ ማነጻጸር አያስፈልግም። ሲመለስ ረዳት ጎማ አብሮ አይመለስም። መቀመጫው በዚያው ዝቅታ ይቆይ፤ ልጁ በእግሩ ገፍቶ ከጀመረ በኋላ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያወጣል። ፍሬኑን ግን ከዚያ ቀን በፊት ቆመው አስተምሩት፤ ትንሽ ጣት የእጅ ፍሬኑን መጭመቅ መቻሏን እዩ፤ ካልቻለች ሠሪው ያስተካክልላት።

እኔ ሥራ ስለነበረብኝ ፔዳሉ ሳይገጠም ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። በኅዳር አክስቴ ደወሉልኝ። ጎሚስታው ራሱ ገጠመለት፤ ግራውን በየት እንደሚዞር ረስቶ እርሳቸው አሳይተውታል። ልጁ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ረግጦ ሄደ። ያዘው የሚባል ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወሉ። ትንሿ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሳይክሏ ፔዳል ስላላት አልሆነላትም። ልጁ ለእሷ ብሎ ፔዳሉ ዳግም እንዲወልቅ አልፈቀደም፤ ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ሌላ ሳይክል ታዟል። አባትየው የምን ቀለም እንደምትፈልግ ጠይቋል። አክስቴ ግን መልእክቱን አስተካክለው ነው የላኩት፤ ቀለሙ የፈለገው ይሁን፣ ፔዳል ግን እንዳይኖራት፣ ሄልሜቱም ሁለት ይሁን።